የላፍቶው ቀጄላ ደንበኛ ፍለጋ

በ1951 ዓ.ም. መስቀል እንዳለፈ፣ ቀጄላ ኢታና የሚባል ሰው ንፋስ ስልክ አካባቢ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቶ «ቀጄላ የመብራት ሥራ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለባት። ዕድሜው ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፒያሳ ከአንድ ጣሊያን ጋር ግድግዳ ሲሰረስር፣ ጣሪያ ውስጥ በሆዱ ሲሳብ፣ ሽቦ ሲዘረጋ ኖሮ፣ ጣሊያኑ አርጅቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴዎቹንና መሰላሉን ለእሱ ትቶለት ሄደ። ሲለያዩ እንዲህ አለው፤ «ሥራውን ከእኔ እኩል ታውቃለህ። የምበልጥህ ሰው በማወቅ ብቻ ነው። ይህን ግን ላወርስህ አልችልም።»

ቀጄላ ነገሩን ብዙም ልብ አላለውም። ሥራ እንደሆነ ሞልቷል። ያን ጊዜ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካው ይተከላል፣ መጋዘኑ ይቆማል፣ የመብራት ምሰሶው እየተከታተለ ቁልቁል ይወርዳል፤ እስከ ትናንት በፋኖስ ያመሸ ባለርስት ሁሉ አምፖል ለማስገባት ይሽቀዳደማል። ቀጄላ የጣሊያኑን ቦርሳ አንግቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ አዲስ ግንብ በታየበት ግቢ ሁሉ እየገባ «የመብራት ሠራተኛ ነኝ፤ ፈቃድ አለኝ» ይላል። መልሱ የትም አንድ ነው።

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«እንግዲያ ስንፈልግህ እንጠራሃለን።»

የጠራው ሰው አልነበረም። እስከ ገና ድረስ የሠራው ሥራ አንድ የተቃጠለ ፊውዝ መቀየርና የአንዲት ነርስ ካውያ መጠገን ብቻ ሆነ።

ሚስቱ ብርነሽ ከሱቁ ደጃፍ ሻይ እያፈላች ትሸጥ ነበር። የቡልጋ ሰው ናት፤ ንግግሯ አጭር፣ ጆሮዋ ግን ሰፊ ነው። ደንበኞቿ ግንበኞች፣ ዘበኞችና ጋሪ ነጂዎች ስለነበሩ በዚያ ወገን ማን መሠረት እንዳስቆፈረ፣ ማን ጣሪያ እንደመታ ከእሷ የሚያመልጥ ወሬ አልነበረም።

«ጎፋ ወዲህ አንድ ቤት በር ሊገጠምለት ነው አሉ» ትለዋለች። «ዘበኛው አሁን ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ከእሱ ጋር ሂድና ፎርማኑን አነጋግረው።»

«ዘበኛ ምን ቤት አለውና ነው?»

«ቤት የለውም። በሩ ግን እሱ እጅ ነው።»

ቀጄላ ይስቅባትና ይተወዋል። ጣሊያኑ የሚያውቃቸው ሰዎች መኪና ነበራቸው። እሱም የሚፈልገው እንደነዚያ ያለውን ሰው እንጂ ሻይ ቆሞ የሚጠጣውን አልነበረም።

አባቱ አቶ ኢታና ላፍቶ ላይ ያርሳሉ። መሬቱን ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ያረሱት ቢሆንም በወረቀት የባላምባራስ ደምሰው ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከምርቱ አካፍለው ያስገባሉ፣ በዓመት በዓል ቅቤና ማር ይዘው ደጅ ይቆማሉ። ባላምባራስ ከላፍቶ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። እሑድ እሑድ ዳኛው፣ መኮንኑ፣ የመርካቶው ነጋዴ ሁሉ ምሳ የሚበላው እሳቸው ዘንድ ነው። አቶ ኢታና ልጃቸው ሥራ አጥቶ መክሳቱን ባዩ ጊዜ አንድ ሙክት ጎትተው፣ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ጉብታው ወጡ።

ባላምባራስ ሙክቱን በዓይናቸው መዝነው ቀጄላን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«መብራት ያውቃል? መልካም። እኔም ላስገባ ነው። መጀመሪያ የእኔን ቤት ይሥራና ሰው ይየው።»

ቀጄላ ስለ ዋጋ ሊናገር አፉን ሲከፍት ባላምባራስ ሳቁ።

«ዋጋህ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ትመጣለህ፤ እዚህ ከሚበላው ሰው ሁሉ አስተዋውቅሃለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ልክፈልህ?»

አቶ ኢታና ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ቀጄላም ጣሊያኑ ያለው ነገር ትዝ አለውና እጅ ነሣ።

አርባ ቀን ሠራ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም፤ እያንዳንዷን ሽቦ በውኃ ልክ አስኬዳት፣ አንድም ምስማር ያለ ቦታው አልመታም። በእነዚያ ሁሉ ቀናት ከባላምባራስ ቤተሰብ ሥራውን ቀርቦ ያየው ወይም ምን እንደሚሠራ የጠየቀው አልነበረም፤ ከወጥ ቤቷ ከአማከለች በስተቀር። አማከለች በዕድሜ ከእሱ ጥቂት የምትበልጥ፣ ነገር ሁሉ የሚያስፈራትና ስለዚህም ሁሉን የምትጠይቅ ሴት ነበረች። የእቃ ቤቱ በር ኋላ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ አሳያት። «ምንም ነገር ብታዪ፣ ምንም ነገር ቢሸትሽ፣ መጀመሪያ ይህን ወደ ታች» አላት። አማከለች ማጥፊያውን ሳትነካው እጇን ሦስት ጊዜ ወደ ታች ዝቅ እያደረገች ተለማመደችው።

መብራቱ የገባ ሰሞን እሑድ ቀጄላ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ምሳ ላይ ተገኘ። ያስቀመጡት ከበሩ አጠገብ ነው። ባላምባራስ አንድ ጊዜ በአገጫቸው ወደ እሱ ጠቁመው «መብራቱን የሠራው ያ ነው» አሉ። ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አይተውት ወደ ወጣቸው ተመለሱ። በዚህ መሐል አንድ አዛውንት እንግዳ አምፖሉ ሥር አልቀመጥም አሉ። እሳቱ ወርዶ ቢበላኝስ ብለው ፈሩ፤ ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ተናደዱ።

ቀጄላ ያን ጊዜ የሠራውን ነገር በኋላ ሲያስበው ማንም እንዳላዘዘው ያውቃል። ተነሣ፤ ደረቅ የእንጨት ሳጥን አስመጣ፤ የአንዱን ሶኬት ክዳን ፈታ። ሽቦው ኃይል ያለው መሆኑን እንዲያዩ አንድ አምፖል አገናኝቶበት አበራው። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ወጥቶ፣ ግራ እጁን ከኋላው አድርጎ፣ በቀኝ እጁ ጣቶች የተላጠውን ሽቦ ያዘ። አምፖሉ እንደበራ ነው። እሱም እንደቆመ ነው።

«አይፈሩ አባቴ» አላቸው ለአዛውንቱ። «ኃይሉ መሄጃ ካላገኘ ሰው አይነካም። መሄጃው መሬት ነው። እኔ መሬት አልነካሁም።»

ጉርሻ ያነሡ ሰዎች ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ከሃያ የማያንሱ የተከበሩ ሰዎች ዓይን በአንድ ጊዜ ሲያርፍበት ለቀጄላ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። ከሳጥኑ ሲወርድ እግሩ ቀለለው። ባላምባራስም ከበሩ አጠገብ አስነሥተው ወደ መሐል አስቀመጡት፤ ከገዛ እጃቸውም አጎረሱት።

ቀጄላ ለብርነሽ «ዛሬ ሰው አወቀኝ» አላት።

«ምንህን?» አለች ብርነሽ።

በሚቀጥለው እሑድ ባላምባራስ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ «ሳጥኑን አምጡ» አሉ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እንግዳ በተቀየረ ቁጥር አዲሱ እንግዳ ማየት አለበት። ቀስ በቀስ ቀጄላን ወደ ሌላ ቤትም ይጠሩት ጀመር፤ ክርስትና ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ አንድ ጊዜ ተዝካር ላይ ሳይቀር። «ኤሌክትሪክ የማይነዝረው» የሚል ስም ወጣለት። ሰሌዳው ላይ ያለውን ስሙን የማያውቅ ይህን ያውቀዋል።

ሥራ ግን አልመጣም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ቤታቸው መብራት ሲገባ ሠራተኛ የሚያስመጡት ከፒያሳ ነው። ቀጄላ አንድ ቀን አንዱን መኮንን፣ ሦስት ጊዜ ቤቱ ጠርቶ ሳጥኑ ላይ ያወጣውን ሰው፣ መንገድ ላይ አግኝቶ ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ አዲሱን ቤትዎን ለሌላ ሰጡት አሉ። ሥራዬ ላይ ያዩት ጉድለት አለ?»

መኮንኑ ከልቡ ተገርሞ ነው የመለሰለት። «አንተ እኮ የጨዋታ ሰው ነህ። ቤት ግን ቁም ነገር ነው።»

ይህን ለባላምባራስ ሲነግራቸው ትንሽ አሰቡና ጥፋቱን ሌላ ቦታ አገኙት። «ስምህ ነው። ቀጄላ የሚል ሰሌዳ አይቶ ማን ግድግዳውን ያስበሳሃል? የገበሬ ስም ነው። ብርሃኑ ብለህ ጻፍ፤ ለሥራህም ይስማማል።» ቀጄላ አሮጌውን ሰሌዳ አስፍቆ «ብርሃኑ የኤሌክትሪክ ሥራ» አስባለው። በዚያው ሰሞን አቶ ኢታና ከታናሹ ልጃቸው ከለታ ጋር በሱቁ በኩል አለፉ። እሳቸው ፊደል አያውቁም፤ ለታ ነው ያነበበላቸው።

«ብርሃኑ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኔ ነኝ፣ አባ። ለደንበኛ እንዲመች ነው።»

አቶ ኢታና ሰሌዳውን እንደገና ቀና ብለው አዩት። «ደንበኛ መጣልህ?»

«ገና ነው» አለ ቀጄላ።

አባቱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ለታ ግን መንገድ ዳር ምራቁን ተፋ።

የ1953 ጥር ላይ የባላምባራስ ሴት ልጅ ሠርግ ሆነ። ግቢው ሙሉ ዳስ ተጣለ፤ የዳሱን መብራት የሠራው ቀጄላ ነው፤ አሁንም በነጻ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ባላምባራስ ጠርተው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉበት። እንዲህ ቀርበው አነጋግረውት አያውቁም።

«አቶ ማሞ ይመጣሉ። ባለ አርባ ክፍል ሆቴል ሊያቆሙ ነው፤ መብራቱን የሚሠራላቸው ሰው ገና አልመረጡም። ዛሬ እንዳትዋረድ። ከምሳ በኋላ አስነሣሃለሁ። በደንብ ታሳያቸዋለህ፣ ከዚያ እኔ እናገራለሁ።»

ቀጄላ አመነ። ወይም ማመን ፈለገ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያመነበትን ነገር አንድ ቀን ሲቀረው መተው አይሆንለትም። ልብስ ሊቀይር ቤቱ በገባ ጊዜ ብርነሽን «አርባ ክፍል» አላት፤ ብርነሽም «ክፍሉን ሳይሆን እግርህን ተመልከት» አለችው። አልሰማትም።

ዳሱ ውስጥ አቧራ እንዳይነሣ መሬቱ በውኃ ርሶ ሣር ተጎዝጉዞበታል። ቀጄላ ይህን ስላየ ከወትሮው ከፍ ያለ ደረቅ ሳጥን መረጠ። ከምሳ በኋላ ባላምባራስ አጨበጨቡ፤ ዘፈኑ ቆመ። ቀጄላ ሳጥኑ ላይ ወጣ። አቶ ማሞ ፊት ለፊቱ ናቸው፤ ወፍራም፣ መነጽር ያደረጉ፣ እንቅልፍ የያዛቸው የሚመስሉ ሰው። አምፖሉን አበራ፣ ግራ እጁን ከኋላው አደረገ፣ ሽቦውን ያዘ። አቶ ማሞ ነቃ ብለው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ ከጎኑ ቆሞ ነበር። ትንሽ ቀምሷል። ክፋት ነበረበት ለማለት ያስቸግራል፤ ሰው በሳቀ ቁጥር ሌላ የሚያስቅ ነገር ከሚፈልጉት ወጣቶች ነው። «እስቲ ያለ ሳጥኑ» አለና ሳጥኑን በእግሩ ገፋው።

ቀጄላ ሽቦውን እንደያዘ እርጥቡ ሣር ላይ ወደቀ። እጁ ሽቦውን አልለቅ አለው፤ ጣቶቹ ራሳቸው ተጨብጠው ቀሩ። ጀርባው ተለጠጠ፣ ተረከዙ መሬቱን ይደበድብ ጀመር። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶች እልል አሉ። የጨዋታው መጨረሻ ይህ ነው ብለው ነው። ባላምባራስ ራሳቸው እንባቸውን እየጠረጉ «ይህን ደግሞ ደብቆን ነበር» አሉ። ቀጄላ ሁሉንም ይሰማል። መናገር ነው ያልቻለው። የሰዎቹን አፍ ያያል፤ የተከፈተ፣ ጥርሱ የሚታይ፣ የሚያውቀው አፍ ሁሉ።

አማከለች ወጥ ይዛ ወደ ዳሱ ስትገባ አየችው። ወጡን እዚያው ጥላ ወደ እቃ ቤቱ ማጥፊያ ሮጠች። መብራቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ ቀንም ቢሆን ዳሱ ውስጥ ደብዘዝ አለ፤ ሳቁም ያን ጊዜ ቆመ። ቀጄላ እጁ ተፈታ። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ከምግቡ ሽታ ተለይቶ መጣ።

መጀመሪያ የተናገሩት የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ ትሩፋት ናቸው። «ሙሽራዋ እንዳታየው። ከዚህ አንሡት።» አራት ሰው ተሸክሞ ከበረቱ ኋላ ወስዶ ጭድ ላይ አስተኛው። መኪና ነበር፤ አምስት መኪና። አምስቱም ግን በአበባና በሪባን ተሸልመዋል፤ ሙሽሮቹን ይሸኛሉ። ዘፈኑ ተመልሶ ተነሣ። አማከለች እጁን በነጠላዋ ጠቅልላ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ስትጠራ አልሄደችም፤ ስለዚህም በማግሥቱ ከሥራ ተባረረች። ሙሽሮቹ ወጥተው፣ ሸኚው ተመልሶ፣ አንዱ ሾፌር ደግሞ ምሳውን በልቶ ሲጨርስ ቀጄላን ወደ ሆስፒታል ወሰዱት።

ሁለት ጣቱ ተቆረጠ። አውራ ጣቱ ቀረለት፤ ግን አይታጠፍም። አምስት ሳምንት ተኝቶ ሲወጣ ብርነሽ ስለ አቶ ማሞ የሰማችውን አልደበቀችውም። ሾፌራቸው ሻይ ሲጠጣ ነግሯታል። በዚያው ዕለት መኪና ውስጥ ሆነው «የገዛ ሽቦው የሚጥለውን ሰው ሕንጻዬ ላይ አላወጣም» ብለው ነበር። ሥራውን የወሰደው ሌላ ሰው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ቀጄላ ቁስሉን ይዞ ይኖር ነበር። ግን አላለቀም። የሙሽራው ወገኖች በሠርጉ ላይ የታየውን ነገር መጥፎ ምልክት ነው እያሉ አወሩ፤ ወሬው ባላምባራስ ጆሮ ደረሰ። ባላምባራስ ደግሞ ሚዜውን ሊቆጡት አይችሉም፤ የትልቅ ሰው ልጅ ነው። ስለዚህ የተቆጡት ቀጄላን ነው። ሠርጌን አጠቆረብኝ፣ እንግዳ ፊት አዋረደኝ አሉ። አቶ ኢታናን አስጠርተው፣ የዘንድሮውን እርሻ እንዳይጀምሩ፣ ልጃቸው ይቅርታ ሳይጠይቅ በሬ እንዳይጠምዱ አስታወቁ።

አቶ ኢታና ወደ ንፋስ ስልክ ወርደው የልጃቸውን የታሰረ እጅ አዩ።

«ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉት።

«ታዲያ ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ፣ አባ?»

«ማረሻው ቆሟል። ዝናብ እየመጣ ነው። እኔ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

እሑድ ጠዋት አባትና ልጅ ከወንዝ የመጣ ድንጋይ ተሸክመው ባላምባራስ ደጅ ተንበረከኩ። ለይቅርታ የሚመጣ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር፤ አስታራቂ ሽማግሌዎችም አብረው ቆመዋል። የቀጄላ ድንጋይ አንገቱ ላይ ነው፤ በቀኝ እጁ መያዝ ስለማይችል በግራው ብቻ ደገፈው። ባላምባራስ በረንዳው ላይ ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር። አዩዋቸው፤ መብላታቸውን ቀጠሉ። እንቁላላቸውን ጨረሱ፣ ዳቦ አስጨመሩ፣ ስለ ከብት ዋጋ ከአንዱ ሽማግሌ ጋር ተጨዋወቱ። ፀሐይዋ ከዋርካው ጫፍ በላይ ወጣች። የአቶ ኢታና ድንጋይ ወደ አንድ ወገን ያጋድል ጀመር።

አንዱ ሽማግሌ «ባላምባራስ፣ ስለ እግዚአብሔር ይበሉ» አሉ።

ባላምባራስ እጃቸውን ታጠቡ። «ልጁን ምሬዋለሁ፤ ያስቀምጠው። አባቱ ግን ትንሽ ይቆይ። ያሳደገው እሱ ነው።»

ቀጄላ ድንጋዩን አስቀምጦ አባቱ አጠገብ ቆመ። የአባቱን ድንጋይ ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ፤ ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው ከለከሉት። እጁን መልሶ ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላው ሁሉ ቢያወራም ስለዚህች ቅጽበት ለማንም አላወራም፤ ለብርነሽ የነገሯት ሌሎች ናቸው። አቶ ኢታናም በመጨረሻ ይቅር ተባሉ። ድንጋዩን ሲያወርዱ በወደቀበት አልተዉትም፤ ተንከባክበው ከመንገድ ዳር አኖሩት።

በዚያ ዓመት አረሱ። ምርቱም ደህና ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ጤፉ እንደተወቃ ቀያሾች መጥተው አውድማው ላይ ካስማ ተከሉ። ባላምባራስ መሬቱን ለቪላ ሊያደርጉት ነው። ለአቶ ኢታና እስከ ፋሲካ ጊዜ ተሰጣቸው። በዚያው ሳምንት ባላምባራስ ቀጄላን አስጠሩት። በረንዳው ላይ ወንበር ሰጡት፤ ፕላን የሚባለውን ትልቅ ወረቀት ዘረጉለት።

«አሥራ ሁለት ቪላ ነው። ሦስቱን ኤምባሲ ይከራየዋል። መብራቱን ሁሉ ያንተ አድርጌዋለሁ፤ በሙሉ ዋጋ። ክፉ ሰው ነው እንዳትለኝ።»

ቀጄላ ወረቀቱን አየ። የአባቱ ጎጆ ያለችበት ቦታ ላይ የመኪና ማቆሚያ ተሥሏል። ሰባተኛው ቪላ አውድማው ላይ ነው።

ቤቱ ሲደርስ ለብርነሽ ነገራት። ብርነሽ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ማጠቧን አላቆመችም።

«ምን አልካቸው?»

«እኔ ባልሠራውም ከፒያሳ ሰው ያመጣሉ። ቤቱ እንደሆነ መሠራቱ አይቀርም።»

«ይሠራ። አንተ ግን አትሥራው።»

«ሦስት ዓመት የፈለግሁት ይህን አይደለም እንዴ?»

ብርነሽ ያጠበችውን ብርጭቆ ደፍታ ሌላ አነሣች። ቀጄላም ሥራውን ተቀበለ።

ሁለት ሠራተኛ ቀጠረ፤ ግን ረቂቁን ሥራ፣ ማብሪያና ማጥፊያው ላይ ያለውን ትንንሽ ብሎን፣ ለእነሱ አምኖ አልሰጠም። በራሱ እጅ ሊሠራው ሞከረ፤ ካቻቢቴው ከማይታጠፈው አውራ ጣቱ እየተንሸራተተ ይወድቃል። ሦስተኛው ቀን ላይ ብርነሽ ሻዩን ዘግታ መጣች። ካቻቢቴውን ከመሬት አነሣች።

«ጣት ስለሌለህ ነው እንጂ ስለፈቀድሁ አይደለም» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ይናገራል፣ እሷ ታጠብቃለች። እጇ ከእሱ የቀድሞ እጅ ይልቅ ጽኑ ነበር።

አቶ ኢታና የሄዱት ወደ ሰበታ፣ ወደ እህታቸው ቤት ነው፤ ለታም አብሮ ሄደ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ወደ ሥራው መጡ። ቀጄላ ሰባተኛው ቪላ ውስጥ መሰላል ላይ ነበር። አባቱ በጭቃ እግራቸው አዲሱን ሲሚንቶ እንዳያበላሹ ደፉ ላይ ቆሙ።

«ይህ የቱ ክፍል ነው?»

«ሳሎን ነው፣ አባ።»

አቶ ኢታና ወለሉን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ በመስኮቱ በኩል የሚታዩትን ካስማዎች አዩ። ልጃቸው ከመሰላሉ እስኪወርድ አልጠበቁም። በትራቸውን ይዘው ቁልቁል ሄዱ።

ሥራው አማረ። ቀጄላ ጠንቅቆ የሠራውን ያህል ቤቱም መሰከረለት። ኤምባሲው ተከራየና ከኤምባሲው ሰዎች አንዱ ለሌላው ነገረ፤ ያ ለሌላው። ባላምባራስ እንደ ራሳቸው ልጅ ያወሩለት ጀመር። በ1956 አራት ሠራተኛ ነበረው፤ ባለ ሁለት ክፍል ሱቅ፣ አንድ ያገለገለ ፊያት ነበረው። አንድ ቀን አቶ ማሞ ሾፌራቸውን ላኩ፤ የሆቴሉ መብራት እየጠፋ አስቸግሯቸው ነበርና ጥገናውን ለእሱ ሰጡት። እጁን አይተው ስለ እጁ አልጠየቁትም። ረስተውት ይሁን አፍረው አይታወቅም።

አሁን ወደ አዲስ ግቢ ሲገባ ማን ላከህ የሚለው የለም።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ብርነሽ ከሰበታ እንጨት ከሚያመጣ አንድ ጋሪ ነጂ የአቶ ኢታናን መሞት ሰማች። ቀጄላ መኪናው ተበላሽቶ ስለነበር በአውቶቡስ ሄደ። ከመንገዱ እስከ አክስቱ ቤት ያለውን ጭቃ በእግሩ አለፈ። ለታ ደጃፍ ላይ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ወንድሙን ሲያይ መፍለጡን አላቆመም፤ የያዘውን ግንድ እስኪጨርስ ቀጄላ ዝናብ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«የአባ ነገር እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሦስት ሳምንቱ ነው።»

«ሰው አትልኩብኝም ነበር?»

ለታ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለ። ድምፁ ንዴት አልነበረበትም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው።

«ማንን እንላክ? ያንተን ደጅ የሚያውቅ ሰው ከእኛ ዘንድ የለም።»

ግባ አላለውም። ከቤት ውስጥ የአክስታቸው ሳል ይሰማል። ቀጄላ ቀኝ እጁን ኮቱ ውስጥ ከትቶ መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀ፤ ለታ በአገጩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አመለከተው። ዝናቡ ስለበረታና የመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓት ስለደረሰ እዚያ ድረስ አልሄደም። ሰኞ ጠዋት ቄራ አካባቢ አንድ ትልቅ ቤት ሥራ ይጀምር ነበር፤ ብርነሽ ሽቦውን ለክታ፣ ቆርጣ፣ ጠቅልላ አቆየችው።